የመጨረሻዋ ሜትር፦ የአፈር ግድብ ከፍ ከማድረጋችን በፊት

(ባሕር ዳር ላይ ለውሃና ለአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አረፈዳችሁ? እንዲህ ነው እንጂ!

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከዞንና ከወረዳ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ በተለይ ደግሞ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ተማሪዎች። ፊት ለፊት ሦስት ወንበር ባዶ ነው፤ ኑ ተቀመጡ። ለክብር እንግዳ የተያዘ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ የክብር እንግዳው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሏል።

የተሰጠኝ ርዕስ «የአፈር ግድብን ከፍታ ለመጨመር የሚቀርቡ አማራጮች የአካባቢ ተፅዕኖ ንጽጽር» ይላል። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ይዟል። እኔ ላሳጥረው፤ ስንት ሜትር እንጨምር? ለዚያች ሜትርስ ማን ምን ይከፍላል? ሦስት ነጥብ አለኝ። አንዱ ስለ አፈሩ፣ አንዱ ስለ ደለሉ፣ አንዱ ስለ መጨረሻዋ ሜትር። ሦስተኛው ይረዝምብኛል፤ የሻይ ሰዓት ከደረሰ ምልክት ስጡኝ።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንስማማ። ግድብ ከፍ ማድረግ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሌላ ሸለቆ ሄዶ አዲስ ግድብ ከመጀመር፣ ያለውን ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ያንሳል። መንገዱ አለ፣ ቦዩ አለ፣ ሸለቆውም አንዴ ተነክቷል። ፓኪስታኖች እ.ኤ.አ. በ1967 ያስመረቁትን የማንግላ የአፈር ግድብ፣ ደለል የወሰደባቸውን ቦታ ለማስመለስ ከዓመታት በኋላ በ9 ሜትር ገደማ ከፍ አድርገውታል። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ «ኢንጂነሩ ግድብ ይቅር አሉ» የሚል እንዳይኖር። አላልሁም! መዝኑ ነው ያልሁት።

እሺ፣ ወደ አፈሩ።

ከናንተ መካከል ክምር ከምሮ የሚያውቅ ማነው? የጤፍም ይሁን የገብስ። እጅ አውጡ እስቲ። ... ጥሩ፣ እናንተ ግማሹን ትምህርት ጨርሳችኋል። የአፈር ግድብ ክምር ነው። አናቱን ከፍ ላድርገው ያለ ሰው ከታች ማስፋት አለበት። ከታች ሳያሰፋ አናቱ ላይ ከጫነበት ይናዳል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ከፍታው 20 ሜትር፣ የአናቱ ስፋት 6 ሜትር የሆነ ግድብ አስቡ። ሁለቱም ጎኑ አንድ ሜትር ሲወርድ ሁለት ሜትር ተኩል ወደ ውጭ ይሄዳል። ይህን ግድብ እንደ ዳቦ ብትቆርጡት የተቆረጠው ፊት 1,120 ካሬ ሜትር ነው። አሁን 4 ሜትር ጨምሩበት። 1,584 ይሆናል። አያችሁ? ከፍታው የጨመረው በአንድ አምስተኛ ነው፤ አፈሩ ግን ከሁለት አምስተኛ በላይ ጨመረ። ግድቡ 500 ሜትር ይርዘም። ወደ ዳር ከፍታው ስለሚያንስ ግማሹን ብቻ ያዙልኝ። 116 ሺህ ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ አፈር መጣ። በአንድ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ብትጭኑ ከ7 ሺህ በላይ ምልልስ ነው። በማን ደጃፍ ነው የሚመላለሰው? አቧራውን የሚውጠው ማነው?

ደግሞ አፈር ሁሉ አፈር አይደለም። የግድቡ እምብርት ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ይፈልጋል። መረሬውማ ሞልቷል ትሉኛላችሁ፤ መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ለእምብርት የሚታመን አይደለም። ጥሩው ሸክላ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩው እርሻ ላይ ነው። ሰርጎ የሚመጣውን ውሃ አሳልፎ አፈሩን ለሚያስቀረው ማጣሪያ አሸዋ ያስፈልጋል፤ እሱ ከወንዝ ይዛቃል። እንግዲህ «ግድቡን ከፍ አደረግን» ስንል አንድ ኮረብታ ላጥን፣ አንድ ወንዝ ቆፈርን፣ ከግድቡ በታች ያለችውን ችግኝ ጣቢያ በ20 ሜትር የአፈር እግር ረገጥን ማለታችን ነው። በወዲያኛው ጎን ውሃ ስላለ ክምሩ የሚሰፋው ወደ ታች ነዋ! በውሃው በኩል እንሥራ ካላችሁ ደግሞ ውሃውን ማፍሰስ አለባችሁ። ያን ጊዜ ዓሣው አለቀ፣ መስኖ ተጠቃሚውም አንድ በጋ ባዶውን ዋለ።

አንድ ብዙዎቻችን የምንዘነጋት ዘዴ አለች። ሸክላውን ከእርሻ ከመቆፈር፣ አዲሱ ውሃ ከሚውጠው መሬት ውስጥ ፈልጉት። ጉድጓዱን ውሃው ይሸፍነዋል፤ በዚያ ላይ ውሃ መያዣ ቦታ ይጨምርላችኋል። እኔ በሠራሁበት አንድ ቦታ ግን እንዲህ አልተደረገም። ሸክላው ከመንደሩ ጀርባ ተቆፍሮ ወጣ፤ ጉድጓዱን መልሶ መድፈን በሥራ ዝርዝሩ ላይ የመጨረሻው መስመር ነበር፤ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘውም የመጨረሻው መስመር ነው። ክረምት ገባና ጉድጓዱ ሞላ። ጎረቤት ያለ አንድ ገበሬ የደረሰች ጊደር ሰጠመችበት። ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ከረመ፤ ጊደሯ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለችም። ሰነዱ ላይ «በግንባታ ወቅት የሚከሰት ጊዜያዊ ተፅዕኖ» ይላል። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኝ።

አፈሩን ሳልዘጋ አንዲት አቋራጭ ልንገራችሁ፤ መቼም ሳትቀርብላችሁ አትቀርም። «አፈሩን አንንካ፤ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ላይ አንድ ሜትር ግንብ ጨምረን ውሃውን ብቻ ከፍ እናድርግ» ይሏችኋል። ርካሽ ናት። ሸክላ አትፈልግም፣ ሲኖ አትፈልግም፣ የተፅዕኖ ሠንጠረዡ ላይ ንጹሕ ሆና ትወጣለች። ግን ያቺ ሜትር ከየት መጣች? በውሃውና በግድቡ አናት መካከል ለክፉ ጎርፍ ተብሎ ከተተወው ክፍተት ናት። የኮንክሪት ግድብ ውሃ በአናቱ ቢያልፍበት ሊቆም ይችላል። የአፈር ግድብ ግን አይችልም። ሊቢያ ደርና ላይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። አንድ ሌሊት፣ አንድ ማዕበል፣ ሁለት ግድብ፤ ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ሰው። ከግድብ በታች የሚኖር ሰው «አካባቢ» አይደለም እንዴ? ታዲያ ለምንድን ነው «ደኅንነት» ብለን ወደ ሌላ ጥራዝ የምንልከው?

ወደ ደለሉ ልግባ።

ግድቡን ለምን ከፍ ማድረግ አስፈለገ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ውሃ አነሰን» ነው። ለምን አነሰ? ደለል ሞልቶት። ጎንደሮች አንገረብን ታውቁታላችሁ፤ ለከተማው መጠጥ ውሃ የተሠራው የአፈር ግድብ ደለሉ ከታሰበው ቀድሞ መጣበት። እንግዲህ ደለል የሞላውን ግድብ ከፍ ማድረግ፣ አይጥ ያስቸገረው ጎተራ ላይ ሌላ ጎተራ መቀጠል ነው። ቦታ ታገኛላችሁ፤ አይጧም ታገኛለች።

በዚህ ነገር ትልቁን ምሳሌ ጎረቤት አገር ሄደን እንየው። አባይ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን እንደገባ የሮዛሪስ ግድብ አለ። መሐሉ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ኮንክሪት ነው፤ ግራና ቀኙ ረጅም የአፈር ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሲያልቅ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ከፍ ያለ ውሃ እንዲይዝ ነበር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሲሶውን ያህል ደለል ወሰደው። ደለሉ የማን ነው? ... አዎ፣ የኛ ነው! የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋ፣ የወለጋ ማሳ ነው እዚያ የተኛው። ሱዳኖች መላ ነበራቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ጭቃ ተሸክሞ ሲወርድ በሮቹን ከፍተው ያሳልፉት ነበር፤ ማጠራቀም የሚጀምሩት ውሃው ጠራ ሲል ነበር። ያም ሆኖ ቦታው አልበቃ አለና ግድቡን በ10 ሜትር ከፍ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 መግቢያ ተመረቀ። አሁን 7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል።

በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አካባቢው ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ውሃ ከፍ ስታደርጉ በጎን ይወጣባችኋል። ስለዚህ ከፍታውን 10 ሜትር ለመጨመር፣ 13 ኪሎ ሜትር ተኩል የነበረውን ግድብ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ማስረዘም ግድ ሆነ። ከ20 ሺህ በላይ አባወራም ከወንዙ ዳር ተነሣ። 10 ሜትር ናት እኮ! ከዚህ አዳራሽ ጣሪያ ብዙ አትበልጥም።

የእኛ ትንንሽ የአፈር ግድቦች ደግሞ እንደ ሮዛሪስ ደለል የሚያሳልፍ በር የላቸውም። አብዛኞቹ አንዲት የመስኖ ቧንቧ ብቻ ነው ያላቸው። የገባ ጭቃ ገባ ነው። ታዲያ አማራጭ ስታወዳድሩ «2 ሜትር» እና «4 ሜትር» ብቻ አትጻፉ። ከላይ ያለውን ተፋሰስ እርከን መሥራት፣ ሸጡን መከለል፣ ከብቱን ከገደሉ ማውረድ አለ። ዘገምተኛ ነው፤ አልዋሽም፤ ዘንድሮ ሠርታችሁ ዘንድሮ ውጤት አታዩም። ደለሉን መዛቅም አለ፤ ወጪው ከባድ ነው፣ የተዛቀውን የት ታስቀምጡታላችሁ የሚለውም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ደግሞ ማንም የማይወደው አማራጭ አለ፤ ቦዩን መጠገን። የአፈር ቦይ ውሃውን ማሳ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያሰርገዋል። ግድብ ላይ ሜትር ከመጨመራችሁ በፊት ቦዩ ላይ የምታፈሱትን ለኩ። ግን ቦይ ለመጠገን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ከወጣ ቆይቷል። ሰነድ እንጽፋለን፣ አማራጮች የሚል ምዕራፍም አለው። ምዕራፉን ገልጣችሁ እዩት፤ «ምንም አለመሥራት» የሚለው አማራጭ ሦስት መስመር ተሰጥቶት፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ይገደላል። አስቀድሞ የተፈረደበት ነው።

እሺ፣ ሦስተኛው። ለዚህ ነው የመጣሁት።

ከሃያ ዓመት በላይ ይሆነዋል። ግድቡን በስሙ አልጠራውም። 15 ሜትር የምትሆን ትንሽ የመስኖ ግድብ ናት፤ በ2 ሜትር ወይስ በ4 ሜትር ከፍ ትበል የሚል ጥናት ነበር። እኔ የአካባቢውን ክፍል የያዝሁት ጎረምሳ ነኝ። ከቀያሹ ጋር ሆነን አዲሱ ውሃ በሚደርስበት መስመር እንጨት እየተከልን ጨርቅ እናስራለን፤ ለ2 ሜትሩ ነጭ፣ ለ4 ሜትሩ ቀይ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሁሉ ነገር ደርቋል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በነጩና በቀዩ መካከል ስላለው መሬት «የተራቆተ ግጦሽ፤ ተፅዕኖው ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍሁ። በሰኔ ብመለስ ያ መሬት ጨፌ ነው! እስከ ጉልበት የሚደርስ ቄጤማ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች፣ የሦስት ጎጥ ከብት። በታኅሣሥ ያየሁት ሌላ አገር ነበር። ተማሪዎች፣ ይህቺን ጻፏት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ መሬት አልታየም።

ለማንኛውም፣ በታኅሣሡ ጊዜ ቀዩን ጨርቅ ሳስር አንዲት ጠና ያሉ እናት ከቤታቸው ወጥተው መጡ። ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ያዙና፣

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ውሃው እስከዚህ ይደርሳል። አይዞዎት፣ የርስዎ ቤት ከመስመሩ በላይ ነው፤ አይነካም።»

«ስለ ቤቴ መች ጠየቅሁህ? ምንጯሳ?»

ዘወር ብዬ አየሁ። ከቀዩ እንጨት በታች፣ አንዲት የሾላ ዛፍ ሥር፣ በድንጋይ የተከበበች ምንጭ አለች። እንሥራ ማስቀመጫው ድንጋይ መሐሉ ጎድጉዷል። ስንት ዓመት እንሥራ ቢቀመጥበት ነው ድንጋይ የሚጎደጉደው? በከፍታ መለኪያው፣ በሌቭሉ ለካናት፤ ከቀዩ መስመር 60 ሳንቲ ዝቅ ትላለች። ከነጩ ግን በጣም ከፍ ትላለች።

እኔ የቆጠርሁት ከመስመሩ በታች ያለ ቤት ነው። የእሳቸው ቤት ከመስመሩ በላይ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ በእኔ ሠንጠረዥ ያልተነኩ ሰው ናቸው። አያችሁ ሒሳቡን?

እንግዲህ የመጨረሻዋ ሜትር የምላት ይህቺ ናት። ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ግድብ ላይ ሜትር በጨመራችሁ ቁጥር ጥቅሙ በአማካይ ይጻፋል፤ ጉዳቱ ግን የሚያርፈው ዳር ላይ ነው። አዲስ የሚጥለቀለቀው ዳር ጥልቀት የለውም፤ ጉልበት የሚደርስ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ነው። ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይተናል፣ ሣር ያበቅላል፣ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ትግራይ ውስጥ በትንንሽ ግድቦች ዙሪያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት አለ፤ ከግድቡ 3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ በወባ ይያዙ ነበር። ያውም ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነ ደጋማ ቦታ!

ከሁሉም በላይ ግን፣ የመጨረሻዋ ሜትር በየዓመቱ አትሞላም። ወንዙ ያለው ውሃ ያው ነው እኮ! ግድብ ከፍ ስላለ ዝናብ አይጨምርም። የወንዙን መዝገብ ቁጭ ብለን ብናሰላው፣ ያቺ አራተኛ ሜትር ጥሩ ክረምት ሲሆን፣ በሦስት ዓመት አንዴ ብትሞላ ነው። መሬቱ ግን የተወሰደው ለሦስቱም ዓመት ነው። በማይሞላበት ዓመት ምን ይሆናል? ጭቃ። ሐይቅም ያልሆነ፣ ግጦሽም ያልሆነ፣ ጥጃ የሚያሰምጥ ጭቃ።

እናንተ የጣና ሰዎች ናችሁ፤ ባሕር ሸሽ መሬት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያው ከተሠራ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ጣና እንዴት እንደወረደ፣ ጀልባ እንዴት እንደቆመ፣ ባሕሩ የሸሸበት እንዴት እንደታረሰ ታስታውሳላችሁ። ጣና ላይ ባሕር ሲሸሽ ማን እንደሚያርሰው የታወቀ ልማድ አለ። አዲስ ግድብ ዳር ግን ያ ልማድ የለም። ካሣ ተከፍሎበታል፣ የመንግሥት ነው፤ ያርሰዋል የሚባለው የቀድሞ ባለቤቱ ነው? የጠባቂው ዘመድ ነው? ጠብ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። ይኼስ የአካባቢ ተፅዕኖ አይደለም?

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አማራጮቹን በጅምላ አትመዝኑ። ከ1 እስከ 5 ነጥብ እየሰጣችሁ አትደምሩ፤ የቄጤማውን ነጥብ ከአስፋልቱ ነጥብ ጋር ደምሮ አሸናፊ ማውጣት ቀልድ ነው። በየሜትሩ ቁረጡት። የመጀመሪያዋ ሜትር ስንት ዓመት ትሞላለች? ምን ትውጣለች? ሁለተኛዋስ? እንዲህ ካደረጋችሁ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሚዛኑ ሲዘነበል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በዚያች ግድብ ላይ ሚዛኑ የተዘነበለው ከነጩ ጨርቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።

ይህን ጻፍሁት? በጨረፍታ ጻፍሁት። «ምንጯን በቧንቧ መተካት ይቻላል» ብዬ አለሰለስሁት። 4 ሜትሩ ተወሰነ። ቁጥሩ ያምራላ! «በ4 ሜትር አሳደግነው» ማለት «በ2 ሜትር» ከማለት ይሻላል።

ከስድስት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ ሳልፍ ገባሁ። ማስተንፈሻው ላይ ያለው የውሃ መለኪያ ደረቅ ነበር፤ ውሃው ከሙሉው ሁለት ሜትር ተኩል ወርዷል። ጠባቂውን ጠየቅሁት፤ እስከ ቀዩ የደረሰው አንድ ክረምት ብቻ ነው፣ መጀመሪያውን። በዚያች አንድ ክረምት ምንጯ ላይ ክንድ የሚያህል ደለል ተኛባት። የሾላው ዛፍ ቆሟል፤ ደርቋል። ቧንቧውስ? ቧንቧው ተዘርግቷል፤ ቦኖውም አለ፤ ፓምፑ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ተበላሽቷል።

ሴትዮዋ አሉ። አላስታወሱኝም፤ ወይም እንዳላስታወሱኝ ሆኑ። እንግዳ ነውና ግባ አሉኝ። ውሃ ጠየቅሁ። ከግድቡ የተቀዳ ውሃ አሸዋና ጨርቅ ባደረጉበት ባልዲ አጥልለው፣ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው በጣሳ ሰጡኝ። ጠጣሁት። ከዚያ ሁሉ በኋላም ጭቃ ጭቃ ይል ነበር።

ምልክት ሰጥታችሁኛል መሰለኝ፤ ሻይ ደርሷል። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩን እየተቀባበላችሁ፤ ከኋላ ካሉት ተማሪዎች እንጀምር።